የኳስ መግቢያና የሞኖፖሊ ነገር
ትላንት ደሴ ፒያሳ ኳስ ልናይ የገባንበት ቤት ትልቅ ጨዋታ ነው ብሎ መግቢያውን እጥፍ አድርጎ ጠበቀን፣ ጓደኛዬ «ወላሂ ይሄን መክሰስ ነበር» ሲል ሳቅኩ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የገበያ የበላይነትን ተጠቅሞ ያልተገባ ዋጋ መጫን ክልክል ነው፣ ግን ሰውዬው ምን የበላይነት አለው፣ ወረድ ስትል ሌላ ቤት አለ (ስክሪኑ ትንሽ ቢሆንም 😅)። የዓለም ዋንጫ ትኬት ላይ ግን ካልፈለክ ቤትህ ተቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳይ አዘጋጆች ብዙ ትኬት ፈረንሳይ ውስጥ አድራሻ ላለው ብቻ ሲሸጡ የአውሮፓ ኮሚሽን የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ነው ብሎ ቀጣቸው፣ ስንት መሰላችሁ? 1,000 ዩሮ! እሱንም ዋንጫው ካለቀ ከዓመት በኋላ 🤦