መድኃኒት የረገጥንበት እንቁጣጣሽ

ሰሞኑን የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ ስስል ሰማኝና «ምን ወሰድክበት?» አለኝ። «ሳር አፍልቼ ጠጣሁ» ስለው ሳቁን ለቀቀው። «ካናዳ ድረስ ሄደህ ሳር? እዚያ ሐኪም በነጻ አይደል እንዴ?»

ሐኪሙማ በነጻ ነው፣ ተራው ነው የማይደርሰው። ድንገተኛ ክፍል ግማሽ ቀን ተጎልተህ «ቫይረስ ነው፣ ፈሳሽ ጠጣ፣ እረፍ» ተብለህ ትመለሳለህ። መድኃኒት ከታዘዘልህም የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ከሌለህ ብዙ ጊዜ ከኪስህ ነው። ፈሳሽ ጠጣ ካሉ አይቀር ደግሞ የኔ ፈሳሽ ታሪክ አለው።

የምኖረው ቶሮንቶ ነው፤ ኤግሊንተን ዌስት፣ ጃማይካውያን የሚበዙበት ሰፈር። ጎረቤታችን አንዲት አሮጊት ናቸው፤ እኛ ቤት «እማማ ጃማይካ» ነው የምንላቸው። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አውሮፕላኑን አይተዋል። ራስታ አይደሉም፣ እሑድን የማያስታጉሉ ጴንጤ ናቸው። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ኢትዮጵያ» ይሉኛል። «ኢትዮጵያ! ቆሻሻ የሚወጣው ዛሬ ነው!» አገር የሚያህል ስም ተሸክሞ ቆሻሻ ማውጣት መርሳት እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቁኝ።

በመጀመሪያው ዊንተር ትኩሳት ጣለኝ። ፔርሙስ ይዘው መጡ። ክዳኑ ሲከፈት የእናቴ ሳሎን ሸተተኝ፤ ደሴ፣ የበዓል ዋዜማ፣ ወለሉ ታጥቦ። ውስጡ ትንሽ ችቦ የመሰለ፣ ተጣጥፎ የታሰረ ረጅም ቅጠል ከዝንጅብል ጋር ተቀቅሏል። ጠጅ ሳር! እሳቸው «ፊቨር ግራስ» ነው የሚሉት፣ የትኩሳት ሳር እንደማለት። ትኩስ ትኩሱን አጠጥተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አላበኝ። እንባዬ ከላቡ ጋር ስለተቀላቀለ ማንም አላየብኝም። ይሄ እኛ ቤት ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ ነው ብዬ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ምነው ያኔ በነገርኳቸው።

በግንቦት ከባልዲያቸው አንድ ዘለላ ከነሥሩ ገንጥለው ሰጡኝ። ዘር እምብዛም አይሰጥም፤ እየተከፈለ ነው የሚተላለፈው። ውርጭ ስለሚገድለው እናትየዋን 19 ዊንተር ሙሉ በየጥቅምቱ ወደ ቤት እያስገቡ፣ መስኮት ሥር እያስቀመጡ አትርፈዋታል። የኔዋ በቀለም ባልዲ ውስጥ እስከ ወገቤ ደረሰች። ጠርዟ ምላጭ ነው፤ ስነካካት ጣቴን ሁለቴ ቆርጣኛለች።

እንቁጣጣሽ መጣ። እዚህ የሚሸጠው ቄጤማ ፕላስቲክ ነው፤ ታጥቦ ለመስቀል ይደገማል። እኔ ግን እውነተኛ ጠጅ ሳር አለኝ! ባልዲውን ከሥሩ አጨድኩና ሳሎኑ ላይ በተንኩት። እንግዶቼ ሲገቡ «ውይ፣ አገር ቤት!» እያሉ ተሳሳሙ። ባለቤቴ ቡና እየቆላች፣ እኔ በኩራት ተነፍቼ፣ በሩ ተንኳኳ።

እማማ ጃማይካ ኬክ ይዘው። እግራቸውን አንስተው ባየር ላይ አቆሙት። ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ኢትዮጵያ፣ መድኃኒቱ ላይ ቆመሃል።»

ለኛ ጉዝጓዝ ክብር ነው፣ እንግዳ የሚከበርበት ነው ልል ፈለግኩ። በእንግሊዝኛ የወጣልኝ «ዛሬ በዓል ስለሆነ ነው የምንረግጠው» የሚል ነገር ነው። አንዱ እንግዳ በአማርኛ «ሳር እኮ ነው፣ ምን ያካብዳሉ!» ብሎ ሲስቅ ትርጉም አላስፈለጋቸውም። ሦስት ልጆቻቸውን በዚያ ሳር ከትኩሳት እንዳስነሱ ነገሩንና ጠየቁኝ፦ «እናንተ ይሄን ከረገጣችሁ፣ ለትኩሳት ምን ትጠጣላችሁ?»

«ዳማከሴ!» አልኩ በድል አድራጊነት። ምች የመታው ሁሉ የዳነበት ዳማከሴ።

«ምን ዓይነት ነው? እንዴት ይተከላል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። አሥራ አንድ ሐበሻ ተሰብስበን አንድም የሚያውቅ የለም። ስንቱን ቀን ታሽቶ ጭማቂው ከቡና ጋር አጠጥተውኛል፣ አፍንጫዬ ላይ ጨምቀውብኛል፤ ተክሉን ግን ዓይኔ ላይ ማምጣት አቃተኝ። መጨረሻ ላይ «አረንጓዴ ነው» አልኩ። የጃንሆይ አገር ሰው!

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ዳማከሴማ ጓሮ ነበር፤ በኳስ ስትሰባብረው አልነበር እንዴ?» አለችኝ። ጠጅ ሳር መጠጣቱን ስነግራት ደግሞ «ይሄ አሁን ካፌ በብር የሚሸጡት ነው?» ብላ ሳቀች። ቆይቼ ሳጣራ ሳሩ መነሻው እስያ ነው፤ የጃማይካም የኛም አይደለም። ይህን ለእማማ እስካሁን አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም።

የታረቁኝ ሴራሲ አጠጥተው ነው። ሴራሲ አጥር ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ጃማይካ ውስጥ ልጆች ትምህርት ሊከፈት ሲል ሆድ ያጥባል ተብሎ የሚጠጡት። እንደ ኮሶ ይመራል። እኛ ቴዎድሮስን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብለን የሰደብን ሰዎች ነን፤ እነሱ ግን መራራቸውን በካርቶን አሽገው ሱቅ ይሸጡታል። ግን እናንተ በደፈናው እንዳትጋቱት፤ የደም ስኳር ያወርዳል፣ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ አደጋ ነው፣ ነፍሰ ጡርም አትጠጣው። እማማ ራሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስኳር አለብህ?» ብለው ነው።

«ምን ይዤ ልምጣ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ፦ ሥርና አፈር ያለው ተክል ሻንጣ ውስጥ እንዳትደብቁ፣ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል፣ ቅጣትም አለው። በርበሬና ሽሮውንም ስትገቡ አስመዝግቡ። ይልቅ ከመውጣታችሁ በፊት እናቶቻችሁን ይዛችሁ ጓሮ ዙሩ፤ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው በሉ። ጃኬቱ እዚህ ይገዛል።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ሁለት ባልዲ ነበረኝ፣ አንዱ ለወለል፣ አንዱ ለጀበና ጎረቤት ለሆነው ድስት። እማማ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ገቡ። ሦስት ስኒ ቡና ጠጡ፤ «ጥሩ ሻይ ነው» አሉ፣ ለእነሱ ትኩስ ነገር ሁሉ ሻይ ነው። ሊወጡ ሲሉ ጎንበስ ብለው ማንም ያልረገጠውን ጥግ መርጠው አንድ እፍኝ ሳር አነሱና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ታጥቦ ይፈላል» አሉኝ።