በስለት የተሣለ ዝናብ

ዛሬ በጃፓን፣ ቶኪዮ ቢግ ሳይት በተባለው የዐውደ ርዕይ ማዕከል በተካሄደው ኮሚኬት፣ ማለትም ደራሲያን ራሳቸው ያሳተሟቸውን እንደ ማንጋ ያሉ የሥዕላዊ ታሪክ መጻሕፍት በሚሸጡበት ገበያ ላይ፣ ከፊቴ የተሰለፈች ወጣት ከአንድ ትንሽ ጠረጴዛ የናሙና ቅጂ አንስታ እንደቆመች አነበበችና፣ በአንዱ ገጽ ላይ ያለው ዝናብ እንዴት እንደተሣለ ደራሲዋን ጠየቀቻት። ደራሲዋም ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብላ፣ በዋናው ሥዕል ላይ የለጠፈችውን ባለ ነጠብጣብ ስስ ልጣፍ በስለት ጫፍ እየፋቀች እያንዳንዱን የዝናብ መስመር እንዳወጣችው፣ መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች አስረዳቻት። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብም ሳያጉረመርም ጠበቀ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 በ32 ቡድኖች የተጀመረው ይህ ዝግጅት ዛሬ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ቢያስተናግድም፣ ገዢውንም ሻጩንም እኩል ተሳታፊ አድርጎ የሚያይ መርሁን አልለቀቀም። አንባቢ ስለ አንዲት መስመር ሠሪዋን ፊት ለፊት የሚጠይቅበት እንዲህ ያለ ገበያ ብርቅ ነው፤ እኔም በማለዳ የምሰለፈው ከግዙፎቹ የኩባንያ ማሳያዎች ይልቅ ለእነዚህ ጠረጴዛዎች ነው።