ንጉሡ ይቅደም

ሐዋሳ ላይ በገባሁበት የቼዝ ውድድር ሁለተኛውን ዙር ተሸነፍኩ። ጨዋታው ያለቀው ስምንተኛው እርምጃ ላይ ነው፤ ያውም ትክክለኛውን እርምጃ እያወቅኩት። ለእኔ ማንም አልነገረኝም፣ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ምዝገባው ቀላል ነበር። የመጀመሪያውን ዙርም አሸንፌያለሁ።

በሁለተኛው ነጭ ደረሰኝ። ሦስት ወር ያጠናሁትን የጣሊያን መክፈቻ ያዝኩ፦ ወታደር ኢ4፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ከዚያ ሲ3 እና ዲ4 (ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳው ቤት ስም ነው)። ተጋጣሚዬ ገና ታዳጊ ልጅ ናት። በስድስተኛው እርምጃ በቢሾፗ ቼክ አለችኝ፣ ማለትም ንጉሤን አጠቃች። ፈረሴን ሲ3 ላይ ጋረድኩ። እሷ ኢ4 ላይ ያለውን ወታደሬን በፈረሷ በላች።

ደስ አለኝ። የምጠብቀው ይህንኑ ነበር! እዚህ ላይ ነጭ ለወታደሩ አያለቅስም፤ ካስል ያደርጋል፣ ማለትም ንጉሡን ሁለት ቤት ወደ ጥጉ ይወስድና ጥግ ላይ የቆመውን ሩክ በንጉሡ ላይ አዝልሎ ከጎኑ ያቆማል። ጣሊያናዊው ግሬኮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጫወተው መስመር ነው። ጥቁር ስስት ይዞት ሲ3 ላይ በፈረስም በቢሾፕም ከበላ፣ ንግሥቲቱ ቢ3 ትወጣና መከራውን ታሳየዋለች።

እጄ ግን መጀመሪያ ሩኩን ያዘ።

ሰፈር ስንጫወት እንዲያ ነው የለመድነው። ሩኩን እናመጣና ንጉሡን እናዘልላለን፣ አንዳንዴም በሁለት እጅ። ልጅቷ ሰዓቱን አቁማ ዳኛ ጠራች።

«ሩኩን ነክተሃል፣ ሩኩን ታንቀሳቅሳለህ» አለኝ።

«ካስል ላደርግ እኮ ነው!»

«ገብቶኛል ወንድሜ። ሕጉ ግን ንጉሡ ይቅደም ነው የሚለው።»

እውነቱን ነው፣ ሕጉ እንዲያ ይላል። ግን ጠዋት ስለ ሞባይል ያን ያህል ሲያስጠነቅቁን ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እስካሁን ያበሽቀኛል። ከዳኛው ይልቅ ደግሞ በራሴ እበሽቃለሁ፤ ሦስት ወር መስመር ስሸመድድ ሕጉን አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም።

ሩኩን ኤፍ1 ላይ አቆምኩ። ንጉሤ መሀል ቀረ። ፈረሷ ሲ3 ላይ በላ፣ መልሼ በላሁ፣ ቢሾፗ ተከተለ። ቼክ! በዚያው ምት ጥግ ላይ ያለው ሩኬም ተያዘ። ካስል አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ቼክ አይኖርም ነበር።

አሠልጣኞች ለጀማሪ «መክፈቻ አትሸምድድ፣ ቶሎ ካስል አድርግ» ይላሉ። እኔ ሸምድዱ ነው የምለው፤ ግን ስልክ ላይ አይደለም። ስልክ ላይ ንጉሡን ሁለት ቤት ስትጎትቱት ሩኩ ራሱ ይዘላል፣ እጃችሁ ምንም አይማርም። ሰሌዳ ግዙ።

ያን ቀን ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰሌዳዬን ዘርግቼ እስኪመሽ ካስል ብቻ ደጋገምኩ። ንጉሥ፣ ከዚያ ሩክ። በአንድ እጅ።