የመድረክ ኪቦርዴን ድምፅ ያስተካከልኩበት መንገድ

ድራሙ ሲነሳ የገዛ እጁን የማይሰማ ኪቦርዲስት ቁልፉን መደብደብ ይጀምራል፤ ማለስለስና ማድመቅ የሚባለው ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ማጉያ ስመርጥ ከሁሉ ያስቀደምኩት መድረክ ላይ ራሴን ጥርት አድርጌ መስማቴን ነው።

የጊታር አምፕ (ማጉያ) ከምርጫዬ ቶሎ ወጣ። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) የለውም፣ ስፒከሩም ከ5,000 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ እያደከመ ይጥለዋል። እንደ ሮድስ ላለ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ያምርበታል፤ የፒያኖና የስትሪንግ ድምፅ ግን ታፍኖ ይወጣል። ባለ 88 ቁልፍ ኪቦርድ ከ27.5 ሄርዝ ተነስቶ እስከ 4,186 ሄርዝ ይዘልቃል፣ ጥራቱን የሚሰጡት ኦቨርቶኖች (ከዋናው ኖታ ጋር አብረው የሚሰሙ ቀጫጭን ድምፆች) ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። በመሆኑም ባለ 12 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) እና ትዊተር ያለው አክቲቭ ስፒከር፣ ማለትም ማጉያው በውስጡ ያለ፣ ያዝኩ። በዋት ብዛት አልተማረክሁም፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ብዙ ጊዜ የፒክ፣ ማለትም ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው።

ከሁሉ የለፋሁበት ሞኖው፣ ማለትም ግራና ቀኙን ድምፅ በአንድ መስመር ማውጣቱ ነው። በስቴሪዮ የተቀዳ ፒያኖ በሄድፎን ልብ ይሰርቃል፤ ግራና ቀኙ አንድ ስፒከር ላይ ሲደመሩ ግን እርስ በርስ ይጠፋፉና አንዳንዱ ኖታ ባዶ ይሆናል። «ኤል/ሞኖ» የሚለው ጃክ ላይ ብቻ ሰክቼ ከታች ወደ ላይ ኖታ በኖታ እነካለሁ። መሃል ኦክታቭ ላይ አንዱ ከጎኑ ካለው ሳስቶ ከተሰማኝ ያንን ፒያኖ መድረክ ላይ አልጫወትበትም። በሞኖ የተዘጋጀ ፒያኖ ለብቻው ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል፤ ባንዱ ሲገባ ግን ጎልቶ የሚወጣው እሱ ነው።

ስፒከሩን ከጎኔ አጋድሜ ወደ ጆሮዬ ቀና አደርገዋለሁ። የኪቦርዱን ቮሊዩም ሦስት አራተኛ ላይ አቁሜ፣ ጠንካራውን ኮርድ እየመታሁ ድምፁ ከልክ ማለፉን የሚያሳየው የስፒከሩ ቀይ መብራት እስኪጠፋ ጌኑን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) እቀንሳለሁ። ድምፁ ከደፈረሰ 250 ሄርዝ አካባቢ ጥቂት እቀንስለታለሁ። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ግራ እጅን አቅልሎ ለቤዙ ቦታ መልቀቅ ነው።

ለአዳራሹ የሚሄደውን ድምፅ ከኪቦርዱ በቀጥታ በዲአይ ቦክስ (የኪቦርዱን ሲግናል ለሚክሰሩ በሚያመቻች ትንሽ ሣጥን) አወጣዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን የራሴን ስፒከር ብጨምርም ብቀንስም የሚክሰሩ ልክ አይነካም። እምም የሚል ድምፅ ከመጣ የዲአዩን ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ገመዱን የግራውንድ ግንኙነት የሚያቋርጥ ቁልፍ) እጫናለሁ። የኤሌክትሪኩን የመሬት ሽቦ ግን ማንም እንዳይነቅል፤ ሰው ይገድላል።