ላስ ቬጋስ በጁላይ፦ በረሃ ከተማ ለማን ይመቻል?

ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ጓዙን ጠቅልሎ ላስ ቬጋስ የሚገባው ያገሬ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ቤቱ ከእኛ አካባቢ ይረክሳል፣ ኔቫዳ ከደሞዝ ላይ የግዛት የገቢ ግብር አትቆርጥም፣ ሆቴሉና ካዚኖው ሌት ተቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። እኛም ቤት ወሬው ከተነሳ ሰንብቷል። ባለቤቴ ግን «በፌብሩዋሪ ሄዶ ያልወደደው የለም፤ አንተ ክፉ ወሩን አይተህ ና» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ በጁላይ ታላቅ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። እሷ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፣ ባሏ ታክሲ ይነዳል፤ ከተማዋን ከላይም ከታችም ያውቋታል።

አማቼ ከኤርፖርት ሲቀበለኝ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። የመኪናው የሙቀት መለኪያ 97 ፋራናይት ይላል፤ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ ስላደግኩ ሙቀት ብርቄ አይደለም፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከስንት ሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ ሙቀት ግን አላውቅም። ቀን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት አስፋልቱና የቤቱ ግድግዳ ሌሊቱን ሲተፋው ያድራል። ከተማዋ ያለችው ሞሃቬ በረሃ ውስጥ ነው። በዓመት የሚዘንብላት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 በታሪኳ ከፍተኛው ሙቀት ተመዝግቧል፦ 120 ፋራናይት፣ ወደ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው።

ኑሮው ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ ነው። ሁሉም ጋ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) አለ። ማታ ከእህቴ ጋር ለመጠያየቅ የገባንባቸው ቤቶች በሙሉ ቀዝቃዛ ነበሩ፣ አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ነጠላ ያስደርባል። ችግሩ ያለው በመሃል ነው። ከሰዓት በኋላ ከግሮሰሪ ወጥተን እህቴ የመኪናውን በር ስትከፍት፣ ከኋላ ወንበር ላይ አጣጥፋ ያስቀመጠችውን ፎጣ አነሳችና የቀበቶውን ብረት ይዛ አሰረችልኝ። በባዶ እጅ አይነካም። መሪው ላይም ጨርቅ አለ። ልጆቿ ጎህ ሲቀድ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ቁርስ ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ደጅ የለም። የመጫወቻ ቦታው ሸርተቴ ባዶውን ይውላል። አማቼ እንደነገረኝ የመኪና ባትሪ እዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ ተመስገን ነው፤ ሙቀቱ ይፈጀዋል።

ድሬ ላይ ሙቀትን የምንችለው በጥላና በሰዓት ነበር። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ያሉት ትልልቅ ዛፎች መንገዱን ከላይ ይከድኑታል። ምሳ ከተበላ በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል፣ ከተማው የሚነቃው ፀሐይ ስትበርድ ነው። በሙቀቱ ወራት አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል። ማንም ከሙቀቱ ጋር አይታገልም፤ እሱ ሲመጣ እኛ እንተኛለን፣ እሱ ሲሄድ እንነሳለን። ላስ ቬጋስ ግን ሥራው ሰዓቱን አይቀይርም፣ ሙቀቱን የሚችለው ማሽን ነው። ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ከድሬ የተሻለ ይመቻል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ማሽኑ ሲቆም ግን መውጫ የለም።

ሲቆም አይቻለሁ። ከእህቴ ቤት ጥቂት አለፍ ብለው የሚኖሩ የሐረር ሰዎች፣ ሕፃን ልጅና አንዲት እናት ያሏቸው፣ ማታ ላይ ኤሲያቸው ተበላሸ። ጠጋኙ ቢደወልለት ከነገ ወዲያ እንጂ አልደርስም አለ፤ በዚያ ወር ሁሉም ቤት ይደውላል። የሳሎናቸው ቴርሞስታት 94 ፋራናይት ደርሶ እየጨመረ ነበር። እህቴ አላስጨረሰቻቸውም፤ «እትዬ፣ ተነሱ፣ ልጁንም ያዙት» ብላ ሁሉንም ወደ ቤቷ አመጣቻቸው፤ እስኪጠገን እዚያው ሰነበቱ። እናትየው ሌሊቱን «ዘመድ የሌለው ሰው ምን ይሆናል?» እያሉ ሲጠይቁ ነበር። ጥያቄያቸው መልስ አለው፤ መልሱም ከባድ ነው። በ2024 ብቻ ላስ ቬጋስ ባለችበት በክላርክ ካውንቲ ከሙቀት ጋር በተያያዘ ከ500 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሜዳ ላይ የሚያድሩት አሉበት፣ ቤታቸው ውስጥ ኤሲ የሌላቸው ወይም የተበላሸባቸው ሽማግሌዎችም አሉበት።

እኔን ያሳዘነኝ የአውቶቡስ ፌርማታው ነው። አንዳንዱ ከአንድ ዘንግና ከአንድ አግዳሚ ወንበር በቀር ምንም የለውም። የሆቴል ዩኒፎርም የለበሱ ሴቶች የዘንጉ ጥላ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጥላው የአንድ ክንድ ስፋት የለውም። ከእግራቸው በታች ያለው አስፋልት በእንዲህ ያለ ቀን ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ የወደቀ ሰው ቆዳው ይቃጠላል። ጣሪያ የሚሠሩትና መንገድ የሚያነጥፉትም አሉ። ሙቀቱ አንድ ነው፣ የሚደርሰው ግን እንደ ኪስና እንደ ሺፍት ነው። ብዙ ገንዘብ ያለበት ከተማ ለፌርማታው ጣሪያ፣ ለመንገዱ ዛፍ ማነሱ አይገባኝም።

ደግሞ ደጉን ልናገር። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ያለው አየር እንደልብ ያስወጣል። በጃንዋሪ ቀኑ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው፤ እኛ ቨርጂኒያ በረዶ ስንዝቅ እህቴ ደጅ ላይ ቡና ታፈላለች። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ከገቡ ላብ ቶሎ ይደርቃል፤ የዋሽንግተን አካባቢ ሙቀት እንደሚያደርገው ልብስ ከገላ ጋር አይጣበቅም። ወጥ ቤቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የእህቴ በሶብላ ጠዋት ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ማታ ለወፍጮ ይደርሳል፣ ቋንጣውም እንዲሁ ነው። እንጀራ ግን መሶቡ ክፍቱን ከቀረ ቡና እስኪፈላ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሊጡ በጁላይ ቶሎ ስለሚቦካ እህቴ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ አለዚያ እንጀራው ይኮመጥጣል። ከንፈርና አፍንጫም ይደርቃል፤ የመጡ ሰሞን ልጆቹ ሁሉ ነስር ነበረባቸው።

ሰው አለ፤ ይህ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2023 የእኛን ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ የበዛበትን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አማቼ ቻርለስተን ተራራ ወሰደን። ከከተማው አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,632 ሜትር ነው። ጥድ ይሸታል። ከታች ውኃ ውኃ ሲሉ የዋሉት ልጆች እዚያ ሹራብ ለምነው ለበሱ።

ሚድ ሐይቅ የሄድነው በማግስቱ ነው፣ ከጉዞዬ ሁሉ ያሳሰበኝም እሱ ነው። ላስ ቬጋስ ከምትጠጣው ውኃ ወደ 90 በመቶ የሚሆነው ከኮሎራዶ ወንዝ በዚህ ሐይቅ በኩል ይመጣል። ሐይቁን የፈጠረው በ1930ዎቹ የተገነባው ሁቨር ግድብ ነው። ዙሪያውን ድንጋዩ ላይ ሰፊ ነጭ ቀለበት አለ፤ ውኃው የነበረበት ልክ ነው። ከታች ቆሜ ሽቅብ ሳየው ከብዙ ፎቅ ሕንፃ ይረዝማል። በጁላይ 2022 ሐይቁ በ1930ዎቹ መሞላት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። በ1922 ሰባት ግዛቶች ወንዙን ለመከፋፈል ሲስማሙ የተማመኑበት የውኃ መጠን ወንዙ ከሚሰጠው ይበልጥ ነበር። በወንዙ ታችኛ ክፍል ካሉት ሦስት ግዛቶች ለካሊፎርኒያ በዓመት 4.4 ሚሊዮን ኤከር ፊት (አንድ ኤከር ፊት አንድ ኤከር መሬትን በአንድ ጫማ ጥልቀት የሚሸፍን ውኃ ነው) ሲመደብላት ለኔቫዳ የተመደበላት 300 ሺህ ብቻ ነው፤ ያኔ ላስ ቬጋስ ትንሽ የባቡር ጣቢያ ከተማ ነበረች።

ከተማዋ ግን ተኝታ አልጠበቀችም፣ ይህን ሳደንቅ እውነቴን ነው። ቤት ውስጥ የፈሰሰ ውኃ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ስለዚህ ገላ መታጠቡና ዕቃ ማጠቡ ብዙም አይጎዳም፤ ውኃውን የሚበላው ሣር ነው። የእህቴ ጎረቤቶች ሣራቸውን ነቅለው ጠጠርና የበረሃ ተክል ሲያደርጉ የውኃ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ከፍሏቸዋል። ኔቫዳ በ2021 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ለጌጥ ብቻ በየመንገዱና በየቢሮው ደጅ ያለው ሣር ከ2027 መግቢያ ጀምሮ ከኮሎራዶ ወንዝ በሚመጣው ውኃ አይጠጣም። በ2020 የተጠናቀቀው ጥልቅ የውኃ መሳቢያም ሐይቁ ግድቡ ውኃ ወደ ታች ከሚያሳልፍበት ልክ በታች ቢወርድ እንኳ ይቀዳል። ሌሎች ከተሞች ይህን ያህል ቢተጉ ደስ ይለኛል። ሆኖም ሕፃን ልጅ ይዤ ለሠላሳ ዓመት የቤት ብድር ልፈርም ሳስብ ያ ነጭ ቀለበት ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ዝናቡንም የሚረሳ ሰው አለ። ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ድንገት ሲወርድ መሬቱ አይውጠውም፣ ደረቁ ቦይ በደቂቃ ይሞላል። ድሬ ያደገ ሰው ይህን አያቃልልም። የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አማቼም ውኃ የሚሻገር መንገድ ሲያይ መኪናውን ያቆማል፤ ተሳፋሪው ቢቆጣም ያቆማል።

ተመልሼ ለባለቤቴ የነገርኳት ይህን ነው። የቤት ውስጥ ሥራ ካገኘን፣ ኤሲ ቢበላሽ ለመጠገኛ የሚበቃ ገንዘብ ለብቻው ካስቀመጥን፣ እህቴም ቅርብ ከሆነች እዚያ መኖር ይቻላል፤ እንዲያውም ጥሩ ይኖራል። እኔ ደጅ የሚያውል ሥራ ይዤ ግን አልሄድም። ለመሄድ የምታስቡም በጁላይ ሂዱና እዩት። ቤት ስታዩ ኤሲው የስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቁ፣ ዋናው መስኮት ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡ። ሻጩ የጁላይንና የኦገስትን የመብራት ቢል እንዲያሳያችሁም ለምኑት። የእህቴ የጁላይ ቢል ከጃንዋሪው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ቤቱ በረከሰበት ሒሳብ ውስጥ እሱም መደመር አለበት።