የጆኒ ግራንት ቤት

ዛሬ ከሲያትል ጭነት ይዤ ወደ ምሥራቅ ስጓዝ፣ ሞንታና ውስጥ ዲር ሎጅ በምትባለው ትንሽ ከተማ አረፍ ብዬ፣ ለዓመታት ከአውራ ጎዳናው ላይ ብቻ አየው የነበረውን የግራንትና የኮርስን የከብት እርባታ ቤት በመጨረሻ ገብቼ አየሁት።

ቤቱን በ1862 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በግንድ ያሠራው ጆኒ ግራንት ነው። ግራንት ሀብት ያፈራው በከብት ለውጥ ነበር፤ ወደ ምዕራብ የሚፈልሱ ሰዎች በሬዎቻቸው በመንገድ ርዝመት ሰኮናቸው አልቆ ሲዝሉባቸው፣ ሁለት የዛሉ ተቀብሎ አንድ ብርቱ በሬ ይሰጣቸዋል፤ የተቀበላቸውንም በሸለቆው ሣር አድልቦ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ መንገደኛ ይለውጣል። አባቴ በገበያ ቀን የበሬውን ሻኛ በመዳፉ እየለካ ሲከራከር እያየሁ ስላደግሁ፣ ይህን ስሰማ ሰውየውን የማውቀው መሰለኝ።

ግራንት በ1866 ቤቱን በ19,200 ዶላር ለኮንራድ ኮርስ ሸጠለት። ኮርስ ዛሬ የጀርመን ክፍል በሆነችው በሆልስታይን ተወልዶ ወርቅ ፍለጋ የመጣ፣ ኋላ ግን ለወርቅ ቆፋሪዎች ሥጋ እየሸጠ የከበረ ሰው ነው። በ1868 ያገባት ኦገስታ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለች ወደዚህ መጥታ ቤቱን እንደ አዲስ አቀናችው። በ1886 እና በ1887 መካከል የነበረው ክረምት በሞንታና ሜዳዎች ከብቱን ፈጅቶ ብዙ ባለሀብት ሲያራቁት፣ ኮርስ ተበድሮ እንደገና ቆመ፤ በ1890 ደግሞ ከኋላ የጡብ ቤት አስቀጠለበት። ቤቱ ለረጅም ዘመን በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ፣ በ1972 መንግሥት ታሪካዊ ቦታ አድርጎ ከለለው።

ሳሎኑ በኦገስታ ወንበሮችና መጋረጃዎች ያማረ ነው፤ ልፋቷንም አከብራለሁ። ሆኖም በዚህ ቤት ከእርሷ በፊት የግራንት ሚስት፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሾሾኒ ተወላጇ ኳራ ኖራበታለች፤ ለእርሷ መታሰቢያ የሚሆን አንድም ዕቃ ግን በየክፍሉ ብፈልግ ዓይኔ አልገባም፤ ይህም እስካሁን ይከነክነኛል። በሸለቆው ከብት ሲረባ ያየች፣ በግንዱ ቤት የመጀመሪያዋ እመቤት እርሷ ነበረች።

ስወጣ የጡቡን ቤት ትቼ ወደ ፊት ለፊቱ ዞርኩ፤ በነጭ ሳንቃ የተለበጠውን የግንድ ቤት፣ አረንጓዴ የመስኮት መዝጊያዎቹን ብቻ ፎቶ አንሥቼ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።