«አባ» ላይ ያለቀው ትንፋሽ

ጌታ ይባረክ! ይህን ልመሰክር ስንት ጊዜ ተነሥቼ ስንት ጊዜ እንደ ተቀመጥኩ እርሱ ያውቃል።

አሥራ ሰባት ዓመት አጭሻለሁ። በአገራችን ከመቶ አዋቂ ትንባሆ የሚጠቀመው አምስት ገደማ ነው፤ ከአምስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ያውም እሑድ እሑድ ከረሜላ እየመጠጥኩ ጉባኤ የምገባ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቡና ቤት ውስጥ ማጨስን ሲከለክል ሲጋራዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። አስም ያለባት የአራት ዓመት ልጅ ወዳለችበት ቤት።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። ልጃችን አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ያፏጫል። በተነፈሰች ቁጥር በጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቁሯል። «አባዬ» ልትለኝ ሞከረች፤ «አባ» ላይ ትንፋሿ አለቀ። የምትስበውን መድኃኒት ባነሣው ባዶ ነው። ጎረቤታችን፣ ጌታ ዘመኑን ይባርከውና፣ በባዶ እግሩ ወጥቶ ባጃጁን አስነሣ።

ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን ሲያደርጉላት እኔ ኮሪደር ላይ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። «የማጨሰው እኔ፣ የምትታፈነው እርሷ! ፍርድህ ይህ ነው?» አልኩት። አልደብቅም፣ ከዚህ የባሰም ተናግሬአለሁ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣች፤ ገና ስትጠጋኝ ጃኬቴ ነገራት።

«ውጭ ነው የማጨሰው እንዳይሉኝ። በልብስዎ ይዘውት ይገባሉ። ሳያጨሱ በሰው ጭስ የሚሞቱት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ።»

እኅቴ፣ ስለ ቁጣሽ ተባረኪ። ያን ጊዜ ነው ጠቤ ወደ ጸሎት የዞረው። ግንቡን ተደግፌ ቁጭ አልኩና «አልሞትም በሕይወት እኖራለሁ እንጂ» የሚለውን በእርሷ ፈንታ ስደጋግም አደርኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሊነጋጋ ሲል ፉጨቱ ረገበ። ውኃ ጠየቀች። ውኃ!

ፓኮውን እዚያው በሩ ላይ ጣልኩት። ከዚያ ወዲያ ያለው «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» ነው፤ ሰባት ወር፣ ሁለት ጊዜ መውደቅ፣ በእኩለ ሌሊት ስልኬን ያነሡልኝ የነበሩ አንድ ሽማግሌ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ከሕፃናቱ መዘምራን ጋር ቆመች። «እስትንፋስ ያለው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን» ሲሉ መጨረሻውን ከሁሉም አስረዝማ ያዘችው። ባለቤቴ እጄን ጨበጠችው፤ ሁለታችንም እንቆጥር ነበር።